በእህቴ ካርድ

«ታስነቅለውና ትገላገል። ያው አንድ ጥርስ አይደል?» አለች እህቴ።

እሷና ባሏ መታጠቢያ ቤት ነበሩ፤ እሱ ጺሙን ይላጫል፣ እሷ ፀጉሯን ታበጥራለች። የዚህ ቤት ግድግዳ ከመሳሳቱ የተነሳ አንዱ ክፍል ያነጠሰ ሰው ከሌላው ክፍል «ይማርህ» ይባላል። እኔ ኩሽና ቆሜ በአንድ እጄ የመንትዮቹን የትምህርት ቤት ዳቦ እቀባለሁ፣ በሌላው ጉንጬን ይዣለሁ። «ብቻ ካርዱ በሰላም ይመለስ» አላት ባሏ፤ ከዚያ ውሃውን ከፈተውና የቀረውን አልሰማሁም። ሆ! በሰው አፍ ውስጥ ያለ ጥርስ እንዴት ይቀላል! አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በግራ በኩል ብቻ ሳኝክ፣ አሥራ አንድ ቀን ቅርንፉድ ነክሼ ስውል፣ የዚህ ቤት ሰው «እስቲ አሳዪኝ» ያለኝ ጉንጬ አብጦ መንትዮቹ መሳቅ ሲጀምሩ ነው። ያን ዕለት እህቴ በስልኳ መብራት አፌን አየችና ብዙ ዝም አለች። «ይሄኛው ነው?» አለችኝ። «እሱ ነው» አልኳት። መብራቱን አጠፋችና በማግስቱ የጤና መድን ካርዷን ልታውሰኝ ወሰነች።

የራሴ ካርድ የለኝም። መንትዮቹ ሲወለዱ ሦስት ወር ላግዛት ከአገር ቤት መጥቼ በዚያው ቀረሁ። የእህቴ ባል የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻዬን ያስገባ ዕለት «ቢበዛ ስድስት ወር ነው» ብሎኝ ነበር፤ ይኸው መንትዮቹ ፊደል ለይተው ስማቸውን መጻፍ ጀመሩ፣ የእኔ ወረቀት ግን አሁንም «በሂደት ላይ» ነው። እስከዚያ ጠዋት ጠዋት ላውንደሪ ቤት ሸሚዝ እተኩሳለሁ፣ ከሰዓት ልጆቹን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ፣ ማታ የቤቱን ጣጣ እጨርሳለሁ። ስታመም ደግሞ አልታመምም። ያለ ካርድ መታመም አይፈቀድማ! እህቴ የምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ለሠራተኞቹ የጤና መድን ስለገባ እሷ ፎቶዋ ያለበት ካርድ አላት። ችግሩ፣ በሚመጣው ወር በአሥራ አራተኛው ቀን የእሷ፣ የባሏና የመንትዮቹ፣ የአራቱም የመኖሪያ ፈቃድ ይታደሳል። አብራት የምትሠራ አንዲት ሴት ካርዷን ለአክስቷ ልጅ አውሳ ተነቅቶባት፣ ሥራዋም ፈቃዷም አብረው እንደሄዱ እህቴ በዓይኗ አይታለች። ስለዚህ ዛሬ ቢነቃብኝ ብቻዬን አልወድቅም፤ አራት ነፍስ ይዤ ነው የምወድቀው።

ትናንት ራት ላይ እንደ ተፈታኝ ተማሪ አስጠናችኝ። የትውልድ ቀን፣ የመኖሪያ አድራሻ፣ የሥራ ቦታ። «የእናት ስም?» ስትል ሁለታችንም ሳቅን፤ ቢያንስ በእሱ አልዋሽም። እሷ እንደ ልማዷ አፏን በእጇ ሸፍና ነው የሳቀችው። «ደም ብዛት አለብሽ፤ ጠዋት ጠዋት ክኒን ትውጫለሽ። ፔኒሲሊን አይስማማሽም፤ ይህቺን ከረሳሽ አለቀልን» አለችኝ። ፎቶው ላይ መነጽር ስላላት መነጽሯንም አወጣች። «ሐኪሙ ከሦስት ዓመት በፊት አንዴ ነው ያየኝ። ደግሞ ለእነሱ ሁላችንም አንድ ነን።» ስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ግን እውነቷን ነው፣ እዚህ ድካም እኩል አድርጎናል። መጨረሻ ላይ ሳህን ስታነሳ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ሙላልኝ ምናምን እንዳትዪው። ንቀለው በይው፣ አለዚያ ያመላልስሻል» አለች። ማስነቀል አልፈለግኩም። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ከአፌ አንድም ጥርስ አልጎደለም። ወረቀት የለኝ፣ ትዳር የለኝ፣ የራሴ በር ቁልፍ እንኳ የለኝ፤ ጥርሴ ግን ሙሉ ነው። ሞኝነት በሉት፣ በዚህች እኮራ ነበር።

ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ላውንደሪ ቤት «አሞኛል» ብዬ ደውዬ፣ የእህቴን መነጽር አደረግኩና መንገድ ጀመርኩ። እሷ የቅርቡ ነው የማይታያት፣ እኔ ዓይኔ ደህና ነው። አስፋልቱ ወደ ላይ ይነሳል፣ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ይሸሻል፤ አንዲት አሮጊት ደግፋ መንገድ አሻገረችኝ፣ ኧረ ውርደት! የጥርስ ሐኪሙ ከጫማ አዳሹ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱም ከማርጀቱ የተነሳ ቢጫ ሆኗል። ደረጃው ማስቲሽና ቆዳ ይሸታል፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ያ የጥርስ ሐኪም ቤት ሽታ ይቀበላችኋል፤ ሳይነኳችሁ የሚያማችሁ ሽታ።

ማረፊያ ክፍሉ የሰው ሳሎን የነበረ ይመስላል። እርስ በእርስ የማይመሳሰሉ አራት ወንበሮች፣ አንድ ማሞቂያ፣ መስቀለኛ ቃላቸውን ሌላ ሰው ሞልቶ የጨረሳቸው የድሮ መጽሔቶች። ጠረጴዛው ጋ ቡናማ ሹራብ የምትሠራ ወፍራም ሴትዮ ተቀምጣለች፤ የሐኪሙ ሚስት መሆኗን በኋላ ነው የገባኝ፣ ሐኪሙ ከነጭ ጋውኑ ሥር ያንኑ ቡናማ ክር ለብሶ ሳየው። ባለሹራቧ ካርዱን ተቀበለች። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። «ፀጉርሽን ለውጠሻል» አለችኝ በአገሩ ቋንቋ። «አዎ፣ አሳጠርኩት» አልኩ። የፎቶዋ ሴት ፀጉር ትከሻዋ ላይ ነው፤ የእኔ ጀርባዬ ላይ ተንዘርፍፏል። ፈሪ ሲዋሽ እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ከመነጽሯ በላይ አንድ ጊዜ አየችኝና «ተቀመጪ» ብላ ወደ ሹራቧ ተመለሰች። ተቀመጥኩ። የትውልድ ቀኔን፣ ማለቴ የትውልድ ቀኗን፣ በልቤ እደግማለሁ።

ሐኪሙ አጭር፣ ቅንድቡ ነጭ የሆነ ሽማግሌ ነው፤ እጆቹ ብቻ የወጣት ናቸው። ወንበሩ ላይ አስተኛኝና መጀመሪያ ደም ግፊቴን ለካ። «ክኒንሽን በደንብ ትወስጃለሽ ማለት ነው፤ የሃያ ዓመት ልጅ ግፊት ነው ያለሽ» አለኝ። «በየቀኑ እወስዳለሁ፣ ዶክተር» አልኩ። ፔኒሲሊን እንደማይስማማኝ ሳይጠይቀኝ ነገርኩት፤ ትንሽ ቆይቶ ሲጠይቀኝ እንደገና ነገርኩት። ከዚያ መብራቱን አወረደ፣ «ክፈቺ» አለ፣ ከፈትኩ። ሲሠራ የሆነ ዜማ ያንጎራጉራል፤ በትንሿ መስተዋት ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ እያየ፣ እያንኳኳ፣ «ጥሩ፣ ጥሩ፣ ጥሩ» እያለ። እኔም ልቤ መለስ አለ። ታች በቀኝ በኩል ሲደርስ አንዴ መታ አደረገው፤ ከወንበሩ ተነስቼ ልበርር ነበር። «ይሄ ነዋ» አለ። ከዚያ ዜማው ቆመ።

መስተዋቱን አወጣ፣ አጠበ፣ እንደገና አስገባ። በጣቱ ዳሰሰው። «ፋይሉን አምጪ» ብሎ ወደ ማረፊያው ክፍል ተጣራ። ባለሹራቧ አንድ የካርቶን ፋይል ይዛ በሩ ላይ ቆመች። «ታች ቀኝ አንብቢልኝ» አላት። «ታች ቀኝ ስድስተኛ፣ ተነቅሏል» ብላ አነበበች፤ ቀኑንም ጨመረች፤ ሦስት ዓመት ከአራት ወር። «እስቲ ድገሚው።» ደገመችው። እኔ አፌን እንደከፈትኩ ነኝ፤ መዝጋትም አልቻልኩ፣ መናገርም አልቻልኩ። ስንቱን ስናጠና፣ አድራሻውን፣ ክኒኑን፣ መነጽሩን፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ጥርስ እንደሚታይ አላሰብንም! እህቴ ያን ጊዜ ከዚህ ስትመለስ «ሞላልኝ» ነበር ያለችን። አሥራ አራተኛው ቀን ታየኝ፤ አራቱም የክት ልብሳቸውን ለብሰው የፈቃድ ቢሮው መስኮት ጋ ተሰልፈው፣ ጸሐፊው «አይሆንም» ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ።

«ስልኩ እየጠራ ነው» አላት ሚስቱን። ስልኩ አልጠራም። ሴትዮዋ እሱንም እኔንም አየችና ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች፤ እስካሁን ክፍት የነበረውን በር ዘጋችው። ሐኪሙ መብራቱን ከፊቴ ላይ ዘወር አደረገ።

«ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቻለሁ» አለ። «የነቀልኩት ጥርስ መልሶ ሲበቅል የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው።»

«እግዜር ይመስገን» አልኩት። ምን ልበል? አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ሳቅ አፈነው መሰለኝ፣ አልሳቀም ግን። «እህትሽ ናት?» አለ። ካርዱን ፋይሉ ላይ አየሁት፤ ፎቶዋ ቀና ብላ ታየኛለች። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ያን ያህል አጥንቼ በአንዲት ጥያቄ ለቀቅኩት፤ ደግሞ ስለቅቀው ቀለለኝ፣ እንባዬም መጣ። «ዶክተር፣ እባክዎ፣ ልጆች አሏት» አልኩት። በዚያ በሰባራ ቋንቋዬ፣ የሚመጣው ወር የሚሆነውን፣ የአረጋውያን መኖሪያውን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ተነስቶ እጁን ታጠበ። ንጹሕ ነበር እጁ።

«እኔ ፖሊስ አይደለሁም» አለኝ። «ግን የሠራሁትን እጽፋለሁ፤ የጻፍኩትን መድን ድርጅቱ ያነባል። ይሄ ጥርስሽ ይድናል። ሥሩን አጽድቼ፣ ሞልቼ፣ በሦስት ቀጠሮ እጨርሰዋለሁ፤ ሌላ ሃያ ዓመት ታኝኪበታለሽ። ግን በዚህ ፋይል ይሄ ጥርስ የለም። የሌለ ጥርስ መሙላት አልችልም። የራስሽን ካርድ አምጪ፣ ነገ እጀምርልሻለሁ።»

«የለኝም።»

«ይመጣል?»

«አምስት ዓመት ሙሉ እየመጣ ነው፣ ዶክተር።»

በእጅ ሲከፈል ዋጋው ስንት እንደሆነ ነገረኝ። የሦስት ወር ሸሚዝ ነው። ሸሚዝ በቁጥር ነው የሚከፈለኝ፤ ስለዚህ ወደ ሸሚዝ ስመነዝረው ፊቴ ላይ አነበበው መሰለኝ ዋጋውን አልደገመውም። ከታች የጫማ አዳሹ መዶሻ ይሰማል፤ ምስማር ይመታል፣ ያቆማል፣ ይመታል። ጥርሴም አብሮት ይመታል። እና ያኔ፣ እዚያ ወንበር ላይ እግሬን ዘርግቼ፣ የትናንቷ የእህቴ ጀርባ መጣብኝ፤ ሳህን እያነሳች፣ «ንቀለው በይው» ስትለኝ። የስልኩ መብራት መጣብኝ፤ «ይሄኛው ነው?» ብላ ዝም ያለችው ዝምታ። የዛሬው ጠዋት ቃሏም መጣብኝ፤ ታስነቅለውና ትገላገል። ወይ እህቴ! ታውቅ ነበር። ፋይሏ ላይ ይሄ ጥርስ እንደሌለ ታውቅ ነበር። ለእኔ መመላለስ አዝና ያለችው መስሎኝ! ደሜ ፈላ። ያን ጊዜ ግፊቴን ቢለካው ኖሮ የእህቴን ባገኘ ነበር።

«ቢነቅሉትስ፣ ምን ይጽፋሉ?» አልኩት።

«ምንም» አለ። «ተነቅሏል ይላል፤ ተነቅሎ ይገኛል።»

«እንግዲያው ይንቀሉት።»

«ደህና ጥርስ ነው፣ ልጄ።»

«ገብቶኛል።»

ቶሎ እሺ አላለኝም። መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ፤ የሹራቡ እጅጌ ከጋውኑ ወጥቷል። ከከተማው ማዶ ካርድ ሳይጠይቁ የሚያክሙበት ቦታ አለ፣ ወረፋው ግን ሰባት ወር ነው አለ። ጉንጬ ሰባት ቀን አይቆይም። ተመልሶ መጥቶ ዳሰሰኝ፣ «መግል ይዟል፣ እንዲሁ ልሰድሽ አልችልም» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ ነው የሚያወራው። ከዚያ መርፌውን አዘጋጀ። ማደንዘዣው ሲገባ ከንፈሬ የሰው ሆነ። ጉጠቱን ሳየው ዓይኔን ጨፈንኩ። ይገፋል፣ ይወዘውዛል፣ አጥንቴ ራሴ ውስጥ ይንቋቋል፤ ሕመም አልነበረውም፣ ድምፅ ብቻ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። «የእህትሽ ሥሩ ጠማማ ነበር፣ አርባ ደቂቃ ታግሎኛል» አለ ጥጥ እያስነከሰኝ። «የአንቺ ቀጥ ያለ ነው። ያሳዝናል።» ጉጠቱን አስቀመጠና ጨመረ፤ «ለእሷም ይድናል ብያት ነበር። ሦስት ቀን ፈቃድ ከጠየቅኩ ከሥራ ያስወጡኛል አለችኝ። እያለቀሰች ነው ያስነቀለችው።»

ባለሹራቧ ስወጣ ካርዱን መለሰችልኝ። ገንዘብ አልጠየቀችኝም፤ ፋይሉ ላይ «ለምርመራ መጥታ ነበር» ብላ ስትጽፍ አየኋት። ሐኪሙ ፔኒሲሊን ያልሆነ መድኃኒት ጽፎልኛል፣ ለእህቴ የሚስማማውን። ሴትዮዋ ጥርሱን በትንሽ ፖስታ አድርጋ እጄ ላይ አኖረችና «ፀጉርሽ ያምራል፣ አታሳጥሪው» አለችኝ። ደረጃውን ስወርድ መነጽሩን አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። ደከመኝ። ስፈራ ስዋሽ ከዋልኩት ይልቅ ያደከመችኝ ያቺ የሐኪሙ የመጨረሻ ቃል ናት፤ «እያለቀሰች ነው ያስነቀለችው» ያለው። እንደ ቅድሙ አጥብቄ እንዳልቆጣት አደረገኝ፤ መቆጣትም እኮ ዕረፍት ነው።

ልጆቹን አመጣሁ፣ አበላሁ፣ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። እህቴ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ካርዱስ?» አለች። ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ከመነጽሯ ጋር። አነሳችው፣ ፊትና ጀርባውን አየችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ነው «አመመሽ?» ያለችኝ።

«ደህና ነኝ።»

«የትኛውን ነቀለው?»

«ያንቺን» አልኳት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከውስጥ ክፍል የመንትዮቹ ሳቅ ይሰማል። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ገፋሁላት፤ አልከፈተችውም፣ በጣቷ ዳሰሰችው። ለብዙ ጊዜ ዝም አለች፤ እኔም አላገዝኳትም። በዚህ ቤት ሁሌ ዝምታውን የምሰብረው እኔ ነኝ፤ ሻይ ላፍላ፣ ልጆቹን ልጠብ፣ አንድ ነገር ብዬ። ዛሬ አልሰብርም አልኩ።

«ፋይሉን ሳያይ ዝም ብሎ ይነቅለዋል ብዬ ነው» አለች በመጨረሻ። «ብነግርሽ እንቢ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ። አንቺ በጥርስሽ... አውቃለሁ እኮ። አውቃለሁ።»

«እሄድ ነበር» አልኳት። ጉንጬ ገና እንዳበጠ ነው፣ ቃሉ ከአፌ ተንጋድዶ ነው የወጣው፤ ስለዚህ ደገምኩላት። «ብትነግሪኝም እሄድ ነበር፣ እታለም። እንዲያውም ከቤት ጀምሬ አውቄው እሄድ ነበር። እንዴት ይሄ አይገባሽም?» አለቀስኩ። ለጥርሱ አይደለም ያለቀስኩት፤ ምንም ቢሆን እንደምሄድላት ሳታውቅ ከእኔ ጋር ይህን ሁሉ ዓመት መኖሯ ነው ያንገበገበኝ። እሷም አለቀሰች፤ አፏን ሸፍና፣ እንደምትስቀው።

ባሏ ሲመጣ በሩን ከፍቶ ገና ኮቱን ሳይሰቅል «ተመለሰ?» አለ። «ተመለሰ» አልን ሁለታችንም። «ጎሽ። አለቀ በቃ» ብሎ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። እህቴ ተነስታ ሾርባ አሞቀች፤ ለእኔ ቀድማ ቀዳች፣ በማንኪያ እያማሰለች አበረደችልኝ፣ ዳቦውን ቆርሳ ነከረችልኝ። ከዚያ የራሷን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ጉርሻዋን በምላሷ ወደ ግራ ገፋችና ቀስ ብላ ማኘክ ጀመረች፤ በግራ ብቻ። ሦስት ዓመት ከአራት ወር በዚህ ጠረጴዛ ላይ አብረን በልተናል፤ አንድም ቀን አላየሁትም ነበር።